ዳያን ፎሲና የቪሩንጋ ጎሪላዎች

ሩዋንዳ፥ ኡጋንዳና ኮንጎ በሚዋሰኑበት ስፍራ ቪሩንጋ የሚባሉ ስምንት የእሳተ ገሞራ ተራሮች በተርታ ቆመዋል። ከእነዚህም የሚበዙት እሳታቸው ያረፈ ሲሆን ገመገማቸውን ቀርከሃ፥ ሳማ፥ ጅብራና የኮሶ ዛፍ የሞላበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ሸፍኖታል። ጉም ከማይለየው ከዚህ ደን ውስጥ የተራራ ጎሪላ የሚባለው እንስሳ ይኖራል። የዚህ ዓይነቱ ጎሪላ በዓለም ላይ የሚገኘው በእነዚህ ተራሮችና ከእነርሱ ብዙ በማይርቀው በኡጋንዳው የብዊንዲ ደን አካባቢ ብቻ ነው። በ1981 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቪሩንጋ በተደረገው ቆጠራ የተገኙት ጎሪላዎች 254 ብቻ ነበሩ። እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ዘራቸው ፈጽሞ ይጠፋ ይሆናል ተብሎም ተፈርቶ ነበር። ይሁን እንጂ በ2015ና በ2016 በተደረገው ቆጠራ በዚያው ተራራ ላይ 604 ጎሪላዎች ተገኙ። ለመጥፋት የተቃረበ የአራዊት ወገን እንዴት ተመልሶ ሊበዛ እንደ ቻለ ለመረዳት የሚሻ ሰው፥ ከሁሉ አስቀድሞ የአንዲት ሴት ሕይወት ይገጥመዋል። እርሷም ዳያን ፎሲ ናት።

ዳያን ፎሲ በጃንዋሪ 16 ቀን 1932 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች እናትና አባቷ ስለ ተለያዩ ያደገችው ከእናቷና ከእንጀራ አባቷ ጋራ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንስሳትን፥ ይልቁንም ፈረስን ትወድ ስለ ነበረ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን አስባ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ነገር ግን የኬሚስትሪና የፊዚክስ ትምህርት አልሆነላትም። በሁለተኛው ዓመት በፈተና ስለ ወደቀች አሳቧን ትታ ሌላ ሙያ ለመምረጥ ተገደደች። የመረጠችውም ሕሙማንን በሥራና በልምምድ እየረዱ ወደ ተለመደ ኑሮ ለመመለስ የሚያገለግለውን የሕክምና ሙያ ነበር። በዚሁ ሙያ በ1954 ከሳን ሆዜ ኮሌጅ ተመርቃ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ በሚገኝ የአካለ ስንኩላን ሕፃናት ሆስፒታል ተቀጠረች። ከታመመና ከፈራ ሕፃን ጋራ መቀመጥ፥ ሳይቸኩሉ እምነቱን መጠበቅ፥ ትንሿን እንቅስቃሴ ሳይቀር ተመልክቶ መመዝገብ የዚያ ሥራ ጠባይ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሳትሆን የቀረችው ይህች ሴት፥ በኋላ በዱር ውስጥ ያስፈለጋትን ዋነኛ መሣሪያ በዚህ ሆስፒታል ሳታገኘው አልቀረችም።

አፍሪካን ለማየት የነበራት ምኞት ብርቱ ነበር። ደመወዟ ለዚያ የሚበቃ ስላልነበረ ገንዘብ ተበድራ በ1963 የሰባት ሳምንት ጉዞ አደረገች። በታንጋኒካ በኦልዱቫይ ሸለቆ የጥንት ሰው አፅም ሲፈልግ የነበረውን ስመ ጥሩውን ሊቅ ሊዊስ ሊኪን አገኘችው። በዚያም በቁፋሮው ስፍራ ስትዘዋወር ወድቃ ቍርጭምጭሚቷን ጐዳች። ሆኖም በዚያው ባልዳነ እግር ወደ ኮንጎ ተሻግራ በሚኬኖ ተራራ ካባራ እስከሚባለው መስክ ድረስ ወጣች። በዚያም ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት አላንና ጆን ሩት የተራራ ጎሪላዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ እንድታይ ረዷት። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ስለ ጉዞዋ በጋዜጣ ጻፈች፤ ዕዳዋንም እየከፈለች ሦስት ዓመት ያህል በሆስፒታል ሥራዋ ቈየች።

በ1966 ሊኪ ንግግር ለማድረግ ወደ ሉዊቪል በመጣ ጊዜ ዳያን የጻፈችውን ይዛ ቀረበችው። ሊኪ በዚያን ጊዜ ጎሪላን ለረጅም ዘመን በዱር ተቀምጦ የሚያጠና ሰው ይፈልግ ነበር። አስቀድሞ ጄን ጉዶልን በታንጋኒካ ጎምቤ ቺምፓንዚን እንድታጠና ልኳት ስለ ነበረ፥ ከዲግሪ ይልቅ ጽናትና ያልተጋረደ ዓይን ይበልጣል የሚል እምነት ነበረው። ዳያን በመጽሐፏ እንደ ተረከችው፥ ሐኪም በሌለበት ተራራ እንዳትታመም ትርፍ አንጀቷን አስቀድማ እንድታስወጣ ነገራት። እርሷም ደኅና ሳለች ሆስፒታል ገብታ አስወጣችው። ከዚያ በኋላ ሊኪ ነገሩ ቍርጠኛነቷን ለመፈተን ያህል የተናገረው መሆኑን ጻፈላት።

በጃንዋሪ 1967 ካባራ ላይ ድንኳኗን ተከለች። ከእርሷ በፊት በ1959ና በ1960 ጆርጅ ሻለር የተባለው የአራዊት ተመራማሪ በዚሁ ስፍራ ተቀምጦ ጎሪላዎቹን አጥንቶ ነበር። የእነርሱም ብዛት 450 ያህል እንደሚሆን ገምቶ ነበር። ዳያን ግን ሥራውን ስትጀምር ዱካ መከተልን እንኳ አታውቅም ነበር። ይህን ያስተማራት ሳንዌክዌ የሚባል ኮንጎአዊ የፓርክ ጠባቂ ነው። የተረገጠ ቅጠል ወዴት እንደ ዘመመ፥ የተጋጠ ግንድ መቼ እንደ ተጋጠ፥ ኵሱ ትኩስ ይሁን የቈየ፥ ይህን ሁሉ መለየት ከእርሱ ተማረች። በኋላ ስሟ በዓለም የተነገረላት ሊቅ የመጀመሪያ መምህሯ ይህ ሰው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሥራው ገና ስድስት ወር ያህል እንደ ቈየ በኮንጎ ሁከት ተነሣ። በጁላይ 1967 ወታደሮች መጥተው ከተራራው አወረዷትና ሩማንጋቦ በሚባል ስፍራ አቈይዋት። እርሷም በዘዴ ድንበሩን ተሻግራ ወደ ኡጋንዳ አመለጠች። ብዙ ሰው በዚህ ቢያበቃ ማንም ባልነቀፈው ነበር። ዳያን ግን ወደ ሌላው የተራራው ወገን፥ ወደ ሩዋንዳ ዞራ በሴፕቴምበር 24 ቀን 1967 በካሪሲምቢና በቪሶኬ ተራሮች መካከል፥ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የኮሶ ደን ውስጥ አዲስ ሰፈር መሠረተች። ከሁለቱ ተራሮች ስም ቈርጣ በማጋጠምም ካሪሶኬ ብላ ሰየመችው። ሁለት ድንኳኖች ብቻ የነበሩበት ይህ ሰፈር ከጊዜ ወደ ጊዜ ጎጆዎች እየተሠሩበት የታወቀ የምርምር ጣቢያ ሆነ።

የዳያን ሥራ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር፤ አንደኛው ማላመድ፥ ሁለተኛው መለየት ነው። በአዳኝ የተሠቃየ ጎሪላ ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ ወይም እየጮኸ ይመጣበታል። ስለዚህ ዳያን ቆማ ወደ እነርሱ መሄድን ትታ በእጅና በጕልበቷ መዳህ ጀመረች። ጎሪላ የሚበላውን የዱር ተክል እያኘከች፥ ሰውነቷን እያከከች፥ ጠግበው ሲያርፉ የሚያሰሙትን የጕሮሮ ድምፅ እያስመሰለች በፊታቸው ተቀመጠች። ይህን በዝናብና በጭቃ ለወራትና ለዓመታት አደረገችው። በ1970 ፒነትስ የሚል ስም ያወጣችለት ወጣት ወንድ እጁን ዘርግቶ የእርሷን እጅ ነካ። በዱር የሚኖር ጎሪላ ያለ ጠብና ያለ ፍርሃት ሰውን ሲነካ ሲታይ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት ሥዕሏን በሽፋኑ ላይ ስላወጣ ስሟና የጎሪላዎቹ ነገር በብዙ አገር ተሰማ።

ሁለተኛው፥ ማለት መለየት፥ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የእያንዳንዱ ጎሪላ አፍንጫ ከላዩ ያለው ሽብሽብ የራሱ የሆነ ቅርጽ አለው፤ እንደ ሰው የጣት አሻራም አንዱ ከሌላው ጋራ አይመሳሰልም። ዳያን ይህን በወረቀት እየሣለች ለእያንዳንዱ ስም አወጣች። ማን ከማን እንደ ተወለደ፥ የትኛዋ እንስት ከየትኛው ቤተሰብ ወደ የትኛው እንደ ሄደች፥ ማን መቼ እንደ ሞተ በየቀኑ ጻፈች። ከዚህ መዝገብ የተገኘው እውቀት ብዙ ነው። አስፈሪ የተባለው አውሬ ዘመኑን የሚያሳልፈው ቅጠል በመብላትና ልጅ በማሳደግ፥ ጀርባው የሸበተውን መሪም በመከተል መሆኑ ታወቀ። ደግሞም አንድ ወንድ ሌላውን ቤተሰብ ሲወርስ አንዳንድ ጊዜ ግልገሎችን እንደሚገድል ተመዝግቧል፤ የምትወደውን እንስሳ የሚያስነቅፍ ቢሆንም ያየችውን አልደበቀችም። አንዲት እንስት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው ዐሥር ዓመት ሲሆናት ገደማ ነው፤ ከዚያም በኋላ የምትወልደው በየአራት ዓመቱ ያህል ነው። እንግዲህ እንዲህ በዝግታ በሚራባ ወገን ውስጥ የአንዲት እንስት መሞት ምን ያህል ጕዳት እንደ ሆነ ከዚህ ማስላት ይቻላል። በሥነ ሕይወት የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ሳይኖራት የጀመረችውን ይህን ጥናት በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፥ በሮበርት ሃይንድ መሪነት ጽፋ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘችበት።

መዝገቡ እያደገ ሲሄድ ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ ይኸውም የጎሪላዎቹ ማነስ ነው። ሕዝብ በተጨናነቀባት በሩዋንዳ የእርሻ መሬት ረኃብ ጽኑ ስለ ነበረ፥ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፓርኩ መሬት ሰፊ ክፍል ተቈርሶ የተባይ መድኃኒት ለሚወጣበት የፓይረትረም አበባ ተሰጠ። በቀረው ደን ውስጥም ከብት ይሰማራ ነበር። አዳኞችም ለሚዳቋና ለድኵላ ብለው የሚያጠምዱት የገመድና የሽቦ ወጥመድ የጎሪላውን እጅ እየያዘ ቍስሉ በመመርቀዝ ይገድለው ነበር። ለእንስሳት ማሳያ ስፍራዎች ግልገል ለመያዝ የሚወጡም ነበሩ። በ1969 ለጀርመን አገር ከተማ ለኮሎኝ ተብለው የተያዙት ኮኮና ፓከር የተባሉ ሁለት ግልገሎች ሊሞቱ ሲቃረቡ ወደ ዳያን ተወሰዱ፤ እነርሱን ለመያዝም ብዙ ትልልቅ ጎሪላዎች ተገድለው ነበር። ዳያን በጎጆዋ አስታምማ አዳነቻቸው። ወደ ደን ልትመልሳቸው ብትለምንም አልተፈቀደላትም፤ ወደ ኮሎኝ ተላኩ፤ በ1978ም ሁለቱም ሞቱ።

ከሁሉ የበለጠው ኀዘን ግን ዲጂት በሚባለው ጎሪላ ሞት መጣ። ዳያን ይህን ጎሪላ ከግልገልነቱ ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል ታውቀው ነበር። በዲሴምበር 31 ቀን 1977 አዳኞች ከውሾቻቸው ጋራ በቤተሰቡ ላይ በመጡ ጊዜ ዲጂት ብቻውን ወደ ኋላ ቀርቶ ተከላከለ። ቤተሰቡ ሲያመልጥ እርሱ በጦር ተወግቶ ሞተ፤ ራሱንና እጆቹንም ቈርጠው ወሰዱ። በሚቀጥለው ዓመት በጁላይ ወር የዚያው ቤተሰብ መሪ የነበረው አንክል በርት፥ ማቾ የተባለችውም እንስት ተገደሉ። ዓመታት የፈጀው የአንድ ቤተሰብ መዝገብ በጥቂት ወራት ውስጥ የሞት መዝገብ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ዳያን ፎሲ ሌላ ሰው ሆነች ለማለት ይቻላል። በ1978 በዲጂት ስም የዕርዳታ ገንዘብ አቋቋመች። በዚያም ገንዘብ የሩዋንዳ ሰዎችን ቀጥራ በደኑ እየዞሩ ወጥመድ እንዲነቅሉ አደረገች። ጥበቃ በወረቀትና በስብሰባ ሳይሆን በእግርና በእጅ የሚሠራ ነው ብላ ታምን ነበር፤ በዚህም እውነት አላት። ነገር ግን ቍጣዋ ከልክ አለፈ። የአዳኞችን ዳስ ታቃጥል፥ ከብቶችን እያባረረች ታስደነግጥ፥ ጭንብል አጥልቃ ሰዎችን ታስፈራራ ነበር፤ በእጅዋ የወደቁትንም አዳኞች ታዋርድ ነበር። ከተራራው ሥር የሚኖረው ገበሬ መሬት የጠበበውና የተቸገረ ሰው መሆኑን አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ችግሩን ከጎሪላው ችግር ጋራ በአንድ ሚዛን አላስቀመጠችውም። ስለዚህ በአገሬው ዘንድ፥ በባለሥልጣኖችም፥ አብረዋት በሠሩትም ተመራማሪዎች ዘንድ ጠላት አፈራች።

ሌሎች በዚሁ ጊዜ ሌላ መንገድ ይሞክሩ ነበር። ቢል ዌበርና ኤሚ ቬደር የተባሉ ባልና ሚስት በካሪሶኬ ከሠሩ በኋላ፥ ደኑ የሚድነው ለአገሬው ሰው ጥቅም ሲሰጥ ነው ብለው ተነሡ። በ1979 በተቋቋመው የተራራ ጎሪላ ጥበቃ ሥራ አማካይነትም ጥቂት ቱሪስቶች በሥርዓት እየተመሩ ጎሪላዎችን እንዲያዩ፥ ተማሪዎችና ገበሬዎችም ስለ ደኑ ጥቅም እንዲማሩ ተደረገ። ደኑ ዝናብ እንደሚይዝ፥ ውሃ ለእርሻው እንደሚያቈይ ለሕዝቡ ማስረዳት የዚህ ሥራ ክፍል ነበር። ዳያን ይህን መንገድ አልወደደችውም። ቱሪስት ሰላማቸውን እንደሚነሣና የሰው በሽታ እንደሚያመጣባቸው ትፈራ ነበር። ክርክሩ መራራ ነበር፤ ሆኖም ከሁለቱ ወገን አንዱ ፍጹም ስሕተት ሌላው ፍጹም እውነት አልነበረም። ቱሪስቱ ሊጐበኛቸው የሚችለው ጎሪላዎቹ ሰውን ስለ ለመዱ ነው፤ የማላመዱን ጥበብ ደግሞ በትዕግሥት አሠርታ ያሳየች እርሷ ነበረች። የበሽታውም ፍርሃቷ ከንቱ እንዳልነበረ በኋላ ታይቷል።

በ1980 ወደ አሜሪካ ተመልሳ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እያስተማረች መጽሐፏን ጻፈች፤ በ1983ም ታተመ። በዚያው ዓመት ወደ ካሪሶኬ ተመለሰች። ጤንነቷ ደክሞ ነበር፤ ሳንባዋም ለተራራው አየር የሚበቃ አልነበረም። በዲሴምበር 26 ቀን 1985 ሌሊት በጎጆዋ ውስጥ በገጀራ ተመትታ ተገደለች። ዕድሜዋ 53 ነበር። ገዳይዋ ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዓመቱ መጨረሻ ቀን እርሷ ራሷ ለሞቱ ጎሪላዎች ባዘጋጀችው መቃብር፥ ከዲጂት አጠገብ ተቀበረች። ዲጂት ከተገደለ በዚያ ቀን ልክ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ሰው ሲሞት ሥራው አብሮት መሞቱና አለመሞቱ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዳያን በመጨረሻው ዘመኗ ለጎሪላዎቹ የእንስሳት ሐኪም እንዲላክላቸው ለምና ነበር፤ ሐኪሙ የደረሰው እርሷ ከሞተች በኋላ፥ በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ወጥመድ የያዘውን ጎሪላ ከሩቅ በሚተኰስ መርፌ አደንዝዘው ሽቦውን ፈትተው ወደ ቤተሰቡ ይመልሱታል። በ1988 የሳንባ በሽታ በጎሪላዎቹ ላይ ሲነሣ፥ ኵፍኝ ይሆናል ተብሎ ስለ ተጠረጠረ በመርፌ ተከተቡ። ይህ ሁሉ የሚቻለው ታማሚው ማን እንደ ሆነ፥ ትናንት የት እንዳደረ፥ ከማን ጋራ እንዳለ በየቀኑ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ከ1967 እስከ 2008 ያለውን መዝገብ መርምሮ ነበር። በየቀኑ የሚጠበቁትና ሐኪም የሚደርስላቸው ሰው የለመዱት ቤተሰቦች በዓመት 4 ከመቶ ያህል ሲበዙ፥ በተለመደው ጥበቃ ብቻ የቀሩት ያልለመዱት ግን ከአንድ ከመቶ በታች በሆነ መጠን እየቀነሱ መሄዳቸውን አሳየ። ይህ መዝገብ የተጀመረው በሁለት ድንኳኖች ውስጥ ነው።

በ1994 በሩዋንዳ በቱትሲዎች ላይ የዘር ማጥፋት እልቂት በተፈጸመበት ዘመን ካሪሶኬ ተዘረፈ፤ ጎጆዎቹም ፈረሱ። ከአገሬው ሰዎች የነበሩት ዱካ ተከታዮች ግን ሁኔታው በፈቀደላቸው ጊዜ ሁሉ ወደ ደኑ እየተመለሱ ጎሪላዎቹን ይፈልጉ ነበር። ካሪሶኬ በኋላ ከተራራው ወርዶ በከተማ ተቋቋመ፤ በ2022ም ከፓርኩ አጠገብ በኪኒጊ አዲስ የምርምር ማዕከል ተከፈተለት። የሩዋንዳ መንግሥት ከ2005 ጀምሮ ከፓርኮች ገቢ 5 ከመቶ፥ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ 10 ከመቶ ለአካባቢው ሕዝብ ልማት እንዲውል አድርጓል። በ2018 የብዊንዲው ቆጠራ ሲጨመር የተራራ ጎሪላዎች ጠቅላላ ብዛት 1,063 ደረሰ። በዚያው ዓመት የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተራ አውጥቶ አንድ ደረጃ በቀለለው ተራ አስገባቸው። ሆኖም አንድ ሺሕ ጥቂት ነው፤ ደኑ ጠባብ ነው፤ አንድ ወረርሽኝም የብዙ ዓመት ድካም ሊያጠፋ ይችላል።

ስለ ዳያን ፎሲ ሕይወት የሚፈርድ ሰው ሁለት ነገሮችን ነጣጥሎ ማየት ይገባዋል። ቍጣዋ ከእርሷ ጋራ አልፏል፤ ማለፉም መልካም ነው። ደኑን ከከበበው ሕዝብ ጋራ ተጣልቶ ደኑን መጠበቅ እንደማይቻል ከእርሷ በኋላ የመጡት ሠርተው አስረድተዋል። ያላለፈው ግን እያንዳንዱን በስም ማወቅ፥ በየቀኑ መመልከት፥ ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ ነው። በፊዚክስ ፈተና የወደቀች፥ ዱካ መከተልን ከአንድ ጠባቂ የተማረች ሴት የጀመረችውን ይህን ሥራ ዛሬ የሚቀጥሉት በአብዛኛው ከዚያው ተራራ ሥር የተወለዱ ሩዋንዳውያን ናቸው። በየማለዳው ጉሙ ሳይገልጥ ወደ ደኑ ይወጣሉ፤ ጎሪላዎቹ ያደሩበትን የቅጠል መኝታ አግኝተው አንድ ሁለት ብለው ይቈጥራሉ፤ የጐደለ ካለም ወደ ማታ ሳይደርስ ይፈለጋል።